ከአውጫጭኝ ሽሽት

ወደ ድብ ባሕር የሚሄድ አንባቢ ብዙ አይኖርም ብዬ ስለምገምት መንገዱን እንዳየሁት እጽፋለሁ። እኔም ፈቅጄ አልሄድኩም። ሸሽቼ ነው የሄድኩት፣ ያውም ወደምሸሸው ነገር ደጃፍ። ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። የግራ ዓይኔ እብጠት ስለጎደለ አሁን ነገሩን በሁለቱም ዓይኖቼ እያየሁ ልጽፈው እችላለሁ።

መጀመሪያ የሽሽቱ ምክንያት። የብራና መጻሕፍት እየሰረቀ ስለሚሸጥ ስውር ቡድን አንድ ልብ ወለድ አሳትሜ ነበር። በውስጡ የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ሰርቆ ለቡድኑ የሚያቀብል ጌጡ አለባቸው የሚባል ገበሬ አለ፤ አገሩ ድብ ባሕር ነው። ድብ ባሕርን ረግጬው አላውቅም። ካርታ ላይ ስሙን አይቼ ወደድኩት። ድብም ባሕርም በሌለበት አገር እንዲህ ብሎ ስም የሚያወጣ ሕዝብ ምስጢር መጠበቅ ሳያውቅበት አይቀርም ብዬ ነበር። ጌጡን ደግሞ ለሌባ የሚሆን፣ የማይጠረጠር ስም ስፈልግ ድንገት መጣልኝ።

መጽሐፉ በጎንደር በኩል በሚሰማ አንድ ራዲዮ እሑድ እሑድ መተረክ ከጀመረ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ስልክ ተደወለልኝ። መስመሩ ይንኮሻኮሻል።

«ጸሐፊው አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

«የድብ ባሕሩን መጽሐፍ ነገር ታውቃለህ። ለአውጫጭኝ ትፈለጋለህ። ካልመጣህ እኛ እንመጣለን።»

ሦስት ጊዜ ተደወለ። ሦስቱንም ጊዜ «አውጫጭኝ» የሚለው ቃል ነበረበት። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ማስታወሻዬ ላይ «አውጫጭኝ፦ የቡድኑ ስም?» ብዬ ጻፍኩ። በልብ ወለዴ ውስጥ ቡድኑን «ጥላ» ብዬ ነበር የሰየምኩት። የእውነተኞቹ ስም ከእኔው የተሻለ በመሆኑ ከፍርሃቴ ጋር ትንሽ ቅናትም ተሰማኝ። ያን ጊዜ መዝገበ ቃላት ገልጬ ቢሆን ኖሮ ይህ ጉዞ ባልነበረ።

አርታኢዬ ሰሎሞን ነገሩን ሰምቶ ብዙ አሰበ። ፖሊስ ዘንድ እንዳልሄድ ራሴ የፈጠርኩት ሰው አሳደደኝ ብዬ የምከስ ልሆን ነው። «እነሱ ወደዚህ እየመጡ ነው አይደል?» አለኝ በመጨረሻ። «እንግዲያው አንተ ወደዚያ ሂድ። መንገድ ላይ ትተላለፋላችሁ።» ያን ሰዓት ብልህ ምክር መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞና ረቡዕ

ከአዲስ አበባ ጎህ ሳይቀድ በአውቶቡስ ተነሣሁ። ደብረ ማርቆስ አድረን በማግስቱ አመሻሽ ላይ ጎንደር ገባን። ስለ ዓባይ በረሃ ሌሎች ብዙ ጽፈዋል። እኔ ፊቴን በጋቢ ሸፍኜ ስለነበር አላየሁትም።

ጎንደር ፒያሳ አጠገብ ወይዘሮ ሙሉ የሚባሉ ሴት የሚያከራዩት አልጋ ያዝኩ። ስሜን «ተስፋዬ» ብዬ አስመዘገብኩ። ሥራዬን ሲጠይቁኝ ዓይኔ መደርደሪያው ላይ ካለው የማር ማሰሮ ላይ አረፈና «የንብ ባለሙያ ነኝ» አልኩ። ልብ ወለድ ስጽፍ ለአንድ ውሸት ሳምንት እጨነቃለሁ፤ እዚህ ግን እንደ ውኃ ወረደልኝ። ወይዘሮ ሙሉ ቧንቧው ውኃ ስለሌለው ተጸጽተው በጀሪካን የሞቀ ውኃ አመጡልኝ። እኔ ሰፈር ቢሆን የውኃ መጥፋት የተከራዩ ጥፋት ይሆን ነበር። ፋሲል ግቢን አየህ ወይ ለሚለኝ ሰው፣ በበሩ አልፌያለሁ። በበሩ ፊት ለፊት መጽሐፌን ከነፎቶዬ ዘርግቶ የሚሸጥ ሰው ስለነበር መቆም አልቻልኩም።

ሐሙስ

ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስወጣ ግቢው ውስጥ ሁለት ጋቢ የለበሱ ሰዎች ቆመው ከወይዘሮ ሙሉ ጋር ሲያወሩ አየሁ። አንደኛው ጥቁር ጃንጥላ፣ ሌላው ከዘራ ይዟል። ዘወር ብዬ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ቆምኩ።

«ወዴት ናችሁ እንግዲህ?» አሉ ወይዘሮ ሙሉ።

«አዲስ አበባ ነን» አለ ባለ ጃንጥላው። «አንድ ጸሐፊ አለ፤ ለአውጫጭኝ ይፈለጋል። ሳንይዘው አንመለስም።»

«እኔ ዘንድስ ጸሐፊ የለም። አንድ የንብ ባለሙያ ነው ያለው።»

«ሸጋ! የንብ ባለሙያ? ኧረ ይጥሩልን፣ የኔው ቀፎ ባዶውን ቀርቷል።»

እንግዲህ የሰሎሞን ምክር እንዲህ ነበር። መተላለፉንስ ተላለፍን፣ ግን አንድ ግቢ ውስጥ አድረን። ቦርሳዬን በመስኮት አውጥቼ፣ ሂሳቤን ትራሱ ሥር ትቼ በጓሮ ወጣሁ። መናኸሪያው አጠገብ አንድ ሚኒባስ «ደባርቅ! ደባርቅ! አንድ ሰው!» እያለ ይጠራል። ያ አንድ ሰው እኔ ሆንኩ።

በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ሽቅብ ሲወጣ ብርዱ እየጨመረ ሄደ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ስንቀጠቀጥ አይተው ምንም ሳይናገሩ የኩታቸውን ጫፍ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። ዳባት ሲደርሱ «በል ይብቃህ» ብለው ኩታቸውን ሰብስበው ወረዱ። ደባርቅ አራት ብርድ ልብስ ደርቤ ተኛሁ። አዲስ አበባ በአራት ብርድ ልብስ የሚተኛ ሰው በጽኑ የታመመ ብቻ ነው።

ዓርብ

ከደባርቅ ወደፊት የሚሄድ ማኪና ሁሉ ለእኔ መልካም ነበር፤ ከባለ ጃንጥላው እስካራቀኝ ድረስ። ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ አገኘሁ። ሊማሊሞን ስንወርድ ሾፌሩ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው እያመለከተ ማን የት እንደተገለበጠ ነገረኝ። ገደሉን ከማየት የሾፌሩን ጆሮ ማየት መረጥኩ። ታች ደርሰን ሙቀቱ ሲቀበለን ማኪናው ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ቆመ። ሾፌሩ «እዚሁ ነን» አለ። የት ነው እዚሁ? ራሴን ቀና ሳደርግ የትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ «ድብ ባሕር» የሚል አነበብኩ። 

ሾፌሩ ዕቃ ሊያስመጣ ሲደዋወል እኔ መንገድ ዳር ቆሜ ፊቴን ወደ ተራራው አዞርኩ። አንድ ሽማግሌ መጡና ከጎኔ ቆሙ። ቀጭን፣ ጢማቸው የሸበተ፣ ሸሚዛቸው በጥንቃቄ የተጣፈ ነው።

«ምነው ከፀሐይ ቆምህ ወንድሜ? ይህ ማኪና ዛሬ አይነሣም። ና ከቤት ግባ።»

«አይ፣ አላስቸግርዎትም።»

«እንግዳ አስቸግሮ ያውቃል? ና ግባ እንጅ!» ቦርሳዬን ከእጄ ወስደው ቀድመውኝ ሄዱ።

ቤታቸው ንጹሕ ነው። ልጃቸው እናንዬ ውኃ አሙቃ እግሬን ልታጥብ ስትል አፍሬ እምቢ አልኩ፤ ሽማግሌው ተቆጥተው ራሳቸው ጎንበስ አሉና አጠቡኝ። ጾም ስለነበር ሽሮ ቀረበ። ጋኑ ሙሉ ጠላ ነው፤ ሦስት ረድፍ መደብ በአጎዛ ተሸፍኗል። ለሠርግ የተሰናዳ ቤት ይመስላል። ሰው ግን የለም። በደጅ የሚያልፉት ሁሉ ሰላም ሳይሉ ያልፋሉ። ሽማግሌው እኔን ሲያዩ ዓይናቸው ላይ የነበረው ደስታ ከልክ ያለፈ መሰለኝ።

«ስምህን ማን ልበል?»

«ተስፋዬ። የንብ ባለሙያ ነኝ።»

«እሰይ! የላከህ እግዜር ነው። ነገ ቀፎዬን ታይልኛለህ።» እንጀራውን በሽሮ ጠቅልለው ትልቅ ጉርሻ አጎረሱኝ። ቀጥለውም፣ «እኔ ስሜን ያልነገርሁህ ሳትበላ እንዳትነሣብኝ ብዬ ነው። ጌጡ አለባቸው እባላለሁ» አሉ።

ጉርሻው አፌ ውስጥ ነበር። መዋጥም መትፋትም አቃተኝ። አያ ጌጡ ፊቴን አይተው ዝናቸውን የሰማሁ መሰላቸው።

«ሰምተሃላ! እስከ ደባርቅ ደርሷል ማለት ነው» አሉ፤ ከዚያም ነገሩን ዘርዝረው ነገሩኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ከቤተ ክርስቲያናቸው አንድ የብራና መጽሐፍ ጠፍቶ ነበር። ማን እንደወሰደው ሳይታወቅ ቀረ። «ከዚያ ባለፈው ክረምት እሑድ ቀን ሁላችን ራዲዮ እንሰማለን። የጠፋ በሬ ይነግራል፣ የጠፋ መታወቂያ ይነግራል፣ የሞተ ሰው ይነግራል። ከዚያ ሰውየው ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ፣ የድብ ባሕሩ ጌጡ አለባቸው መጽሐፉን በጋቢው ሸፍኖ ከቤተ መቅደስ ወጣ አለ። እኔ ጠላ ይዤ ነበር። ከእጄ ወደቀ።»

ከዚያ ወዲህ ሰንበቴ ላይ አጠገባቸው የሚቀመጥ የለም። የእናንዬ ሠርግ ቆሟል፤ የሙሽራው ወገን «መጀመሪያ ስማችሁ ይጥራ» ብሏል። ልጅቱ ይህ ሲነገር ምጣድ ልታነሣ የወጣች መስላ ወጣች።

«እሑድ አውጫጭኝ አለ» አሉ አያ ጌጡ።

«እሱ… ማን ነው?» አልኩ።

ሳቁብኝ። «ማን አይደለም፣ ምን ነው እንጅ! አታውቀውም? ነገር ሲጠፋ አገሩ ሁሉ ይሰበሰባል። ትንሹም ትልቁም ያየውን የሰማውን ያወጣል። ጥፋተኛው ካልወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ጸሐፊውንም የሚያመጡ ሁለት ሰዎች ልከናል። እሱ መጥቶ ካላጠራኝ እወገዛለሁ። የተወገዘ ሰው እሳት አይጫርለትም፤ ሲሞትም ቀባሪ የለው።»

ስለዚህ ያሳደደኝ ስውር ቡድን የአንድ ቀበሌ ሽማግሌዎች ነበሩ። የሚፈልጉኝም ሊገድሉኝ ሳይሆን ሊጠይቁኝ ነው። እፎይ ማለት ነበረብኝ። ሆኖም ጉርሻውን ዋጥኩና ተስፋዬ ሆኜ ተኛሁ።

ቅዳሜ

ሌላ ሰው ቢሆን ጠዋት ተነሥቶ እውነቱን ይናገር ነበር። እኔ ቀፎ ላይ ሄድኩ። ስለ ንብ የማውቀው ማር እንደምትሰጥ ብቻ ነው። አያ ጌጡ ከኋላዬ ጢስ ይዘው እየተከተሉኝ የምለውን ሁሉ በአክብሮት ሰሙ። «ንግሥቷ ደክማለች» አልኩ። «እኔም እንዲያው ጠርጥሬ ነበር» አሉ። ይበልጥ ባለሙያ ለመምሰል ጎንበስ ብዬ ቀፎው ውስጥ ተመለከትኩ። ደክማለች ያልኳት ንግሥት ያላት ጉልበት አንባቢ ሊገምተው ይችላል። ሁለት ንብ የግራ ዓይኔን ቆብ ነደፉኝ፣ አንዲት ደግሞ ከንፈሬን ነደፈችኝ። እናንዬ ነጭ ሽንኩርት ደቁሳ ለጠፈችብኝ። አዲስ አበባ ቢሆን ሐኪም ቤት ተሰልፌ ሳለሁ እብጠቱ በራሱ ይጠፋ ነበር፤ እዚህ ግን ታክሞም እየጨመረ ሄደ።

ቅዳሜ ታች ዛሪማ ከተማ ገበያ ስለሆነ ማኪና ሞልቷል። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ መንገድ ዳር ወጣሁ። አያ ጌጡ አጠገቤ ቆሙ፤ ሲለምኑ አንገታቸውን አቀረቀሩ።

«ነገ ብትቆይልኝ። ምንም አትናገርም። ከጎኔ ብቻ ትቆማለህ። ብቻዬን መቆሙን ፈርቼ ነው።»

ማኪናው መጥቶ ቆመ። እኔ ቀረሁ። ስለዚህ ራሴን ላመሰግን አልችልም። ልሄድ ነበር የወጣሁት፤ ሽማግሌው ሲለምኑ ማየት ከበደኝ እንጂ።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ ከዋርካው ሥር ተቀመጠ። ሰብሳቢው አያ ደመቀ የሚባሉ ድምፀ ጎላ ሽማግሌ ናቸው። እኔና አያ ጌጡ በአንድ በኩል ቆምን። በእኛና በሕዝቡ መካከል ሁለት በሬ የሚያቆም ባዶ ቦታ ነበረ።

«የላክናቸው ሰዎች ከአዲስ አበባ ደውለዋል» አሉ አያ ደመቀ። «ጸሐፊው ከቤቱ የለም። ሸሽቷል። እንግዲህ ፍረዱ! ውሸት ጽፎ የሚሸሽ አለ? የሸሸ ሰው የሚያውቀው ነገር አለው። ጌጡ፣ መጽሐፉን አውጣ።»

አያ ጌጡ «አላየሁትም» አሉ፤ ድምፃቸው ግን አልተሰማም። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ። ሊወገዙ ነው። ሽሽቴ ለእኔ ነፍስ ማዳን መስሎኝ ነበር፤ ለእሳቸው የጥፋታቸው ማስረጃ ሆነ።

«ጸሐፊው እኔ ነኝ» አልኩ።

 አንድ ሰው መጽሐፌን አምጥቶ ከጀርባው ያለውን ፎቶ ፊቴ አጠገብ ያዘው። ሁሉም ተራ በተራ አዩ። ፎቶው ላይ ሁለት ዓይን ያለው ሰው አለ፤ እኔ ያለኝ አንድ ነው። ከንፈሬም የእኔ አይመስልም።

«ይህማ የንብ ሐኪሙ ነው!» አለች አንዲት ሴት። «ጌጡ ነው ያቆመው!»

«እኔ ነኝ። ስሜ ይትባረክ ነው። አያ ጌጡን ከዓርብ በፊት አይቻቸው አላውቅም። የጻፍኩት ልብ ወለድ ነው።»

አያ ደመቀ ፈገግ አሉ። «ልብ ወለድ ማለት ልብ የወለደው አይደል? ወላድ ያላረገዘችውን ትወልዳለች? ልብህ ካላየ ከምን አረገዘው?»

ይህን ጥያቄ ሃያሲዎች ጠይቀውኝ አያውቁም። «ውሸት ነው» ብል ይበቃ ነበር፤ ቃሉ ግን ከአፌ ሊወጣ አልቻለም። ሁለት ዓመት የደከምኩበትን ሥራ ውሸት ማለት ለካ ያማል። ከአያ ጌጡ ፊትና ከሥራዬ የትኛው እንደሚበልጥ ለማሰብ ጥቂት ጊዜ እንደወሰደብኝ ስጽፍ አፍራለሁ።

«ውሸት ነው» አልኩ። «ከልቤ ያወጣሁት ውሸት ነው።»

«በል እንግዲያው አሁን ዋሽ!» አሉ አያ ደመቀ። «እዚሁ፣ በሰው ፊት። ልብህ መውለድ የሚችል ከሆነ በእኔ ላይ ይውለድ። ያን ጊዜ ጸሐፊ መሆንህንም እናምናለን።»

ጎሮሮዬን ጠረግኩ። «መጽሐፉ የጠፋ ለታ አያ ደመቀ ጎህ ሳይቀድ ተነሡ። መጽሐፉን በባለቤታቸው ነጠላ ጠቀለሉት። ፍተሻ ስለፈሩ በርበሬ ከረጢት ውስጥ ከተቱት። በግራጫ በቅሎ ጭነው ወደ ዛሪማ ወረዱ። መንገዱን ሙሉ በርበሬው እየሸተታቸው ያስነጥሱ ነበር። ያገኛቸው ሁሉ ‘ይማርዎ’ ይላቸዋል፤ እሳቸው ግን አሜን ለማለት አፈሩ። ለምን ቢባል፣ የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ በርበሬ ውስጥ ነበራ።»

 ከዚያ ከኋላ አንዲት ባልቴት ቀስ ብለው፣ «እውነት ነው፤ ያን ሰሞን ያስነጥሰው ነበር» አሉ።

«ግራጫ በቅሎም ነበረችው!» አለ ሌላው።

«ነጠላዋስ? ባለቤቱ ነጠላዬ ጠፋ ብላ አልነበረም?»

አያ ደመቀ ዘለው ተነሡ። «ኧረ ውሸቱን ነው! ዋሽ ብዬው እኮ ነው! እኔ በርበሬ ነክቼ አላውቅም! ጉንፋን ነበር!» ሲጮኹ ድምፃቸው ተሰበረ። ሰው ሁሉ ያያቸው ጀመር፤ አጠገባቸው ተቀምጠው የነበሩትም ትንሽ ፈቀቅ አሉ።

ቄሱ መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው መለሱ። «እንግዲህ ፍርዱ ቀላል ነው» አሉ። «ይኸኛው ውሸት ከሆነ ያኛውም ውሸት ነው። ያኛው እውነት ከሆነ ደግሞ ደመቀ ከረጢቱን ያምጣ።»

«ሁለቱም ውሸት ነው!» አሉ አያ ደመቀ። «ጌጡ ንጹሕ ነው! እኔ ምስክር!»

ሳቁ ከዋርካው ላይ ወፎቹን አስነሣ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ያን ባዶ ቦታ አቋርጠው መጥተው የአያ ጌጡን ትከሻ ሳሙ። ሌላውም ተከተለ። መጽሐፉ እስከ ዛሬ አልተገኘም። አያ ደመቀም ሲያስነጥሱ ሰው ዞር ብሎ እንደሚያያቸው እናንዬ በስልክ ነግራኛለች።

እኔ በግርግሩ መካከል ቦርሳዬን ይዤ ወደ መንገዱ ወጣሁ። ወደ ደባርቅ የሚወጣ ሚኒባስ ቆሞ ሰው ይጭናል። አያ ጌጡ ደረሱብኝ። ያመሰግኑኛል ብዬ ትሕትና የተሞላ መልስ አዘጋጅቼ ነበር።

«በራዲዮ ሌባ ያልኸኝን ይቅር ብየሃለሁ» አሉ። «አታውቀኝም ነበር፤ የማያውቁትን ማማት የሰው ጠባይ ነው። ዓርብ ግን አወቅኸኝ። ስሜን ስነግርህ ጉርሻዬ ካፍህ ነበር። ውጠህ ዝም አልህ። ቅዳሜም ዝም አልህ። እኔ ያንተን፣ የማላውቅህን ሰው እግር አጠብሁ።»

 ያዘጋጀሁት መልስ ሁሉ ጠፋኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ ዓይናቸውን ማየት አቅቶኝ የሸሚዛቸውን ጥቃቅን ስፌት ቆጠርኩ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ በመጨረሻ።

«ማኪናው ይሂድ» አሉ። «ና ግባና በስምህ ብላ።»

ሚኒባሱ ሄደ። ቤቱ በሰው ተጨናንቋል፤ ሦስቱም መደብ ሞልቷል፤ እናንዬ የጠላ መቅጃዋን እየሞላች ትመላለሳለች። አያ ጌጡ ሰው አስጠግተው ከጎናቸው አስቀመጡኝና እንጀራውን ቆረሱ። ጉርሻውን ጠቅልለው አፌ አጠገብ ሲያደርሱት አቆሙት።

«ማን ልበል?»

«ይትባረክ።»

«ብላ፣ ይትባረክ» አሉኝ። በላሁ።